ለቅሶ የማትደርስ እናት

ከአዳማ እስከ ደሴ ያለውን መንገድ ብዙ አንባቢ ስለሚያውቀው እዘለዋለሁ። የምጽፈው ከደሴ ወደ ምዕራብ ስላለው አገር ነው። አብዛኞቻችሁ አይታችሁት አታውቁም፤ ነገሩ እንዳሁኑ ከቀጠለም ቶሎ አታዩትም። እኔም አገር ለማየት አልሄድኩም። አንዲት እናት ስለጠራችኝ ነው።

ስንዱ እላታለሁ፤ ትክክለኛ ስሟ አይደለም። የመንደሯንም ስም አልጠራም። አምና አዲስ አበባ፣ አንድ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ዘገባ ስሠራ ነው ያገኘኋት። ልጇ ትርሲት ሰባት ዓመቷ ነው። ስትወለድ የጀርባዋ አጥንት አልገጠመም ነበር። ክፍተቱ በሕፃንነቷ ተሰፋ፤ ጭንቅላቷ ውስጥ የሚጠራቀመውን ውሃ ወደ ሆዷ የሚያወርድ ቀጭን ቱቦም ከቆዳዋ ሥር ተቀበረላት። እግሮቿ አይታዘዟትም። ሽንቷም በራሱ አይወርድም፤ እናቷ በየአራት ሰዓቱ ንጹሕ ቱቦ አስገብታ ታወጣላታለች። ከዘገየ ሽንቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ኩላሊቷን ይጎዳል። ይህን ሁሉ ስጠይቃት ቆይቼ ስንዱ ሰለቻት።

"ወንድም ጋሼ፣ እዚህ ምን ያያሉ?" አለችኝ። "እዚህማ ሁላችን እኩል ነን። ቤቴን መጥተው ይዩት እንጂ።"

ሰኞ

አዳማ መነኻሪያ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። ደሴ ላይ ወደ መካነ ሰላም የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "መንገዱ ክፍት ነው?" ብሎ ነው። ሹፌሩ "እስካሁን አልተዘጋም፤ አላህ ካለ እንገባለን" አለኝ። አንገቱ ላይ ማተብ አለ። በወሎ ይህ ማንንም አያስገርምም።

ጉጉፍቱ ደጋ ላይ ስንደርስ ብርዱ አጥንት ድረስ ገባ። አዳማ ጃኬት የሚያዘው ለጌጥ ነው፤ እኔም የያዝኩት ያንኑ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ አሮጊት ዞር ብለው አዩኝና የጋቢያቸውን ጫፍ ትከሻዬ ላይ ጣሉት።

"የቆላ ሰው ነህ። ጥርስህ ሲንገጫገጭ እኔን አላስተኛ አለኝ" አሉኝ።

እስከ አቀስታ በአንድ ጋቢ ሄድን። እዚያ ጎማ ተነፈሰ። ረዳቱ ሲቀይር እኛ ሽሮ በላን፤ አሮጊቷ የኔንም ሒሳብ ከፍለው ኖሮ ስጠይቅ የምግብ ቤቱ ባለቤት ሳቀችብኝ። መካነ ሰላም የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ከተማዋ ሜዳ ላይ የተዘረጋች፣ ባሕር ዛፍ የከበባት፣ ነፋስ የማይለያት ናት። ያረፍኩበት ፔንሲዮን ቧንቧው ደረቅ ነበር። "ውሃ የለም እንዴ?" ብዬ ስጠይቅ ባለቤቷ "የለም፤ ግን አለ" አለችኝና የሞቀ ውሃ በባልዲ አስመጣችልኝ። አዳማ ውሃ ሲጠፋ የሚመጣልን ማስታወቂያ ነው።

ማክሰኞ

የስንዱ ባል መሪጌታ በቅሎ ይዘው ሊቀበሉኝ መጡ። በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ዜማ የሚያስተምሩ፣ ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ሲጨብጡኝ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ከብርዱ መሰለኝ።

በወግዲ መንገድ ጥቂት በመኪና ሄድን፤ ከዚያ ወርደን በእግር። እንግዳ በእግሩ አይሄድም ብለው በቅሎዋ ላይ አስቀመጡኝ። የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ኮርቻው ዞረ፤ እኔም አብሬው ዞርኩ። ማጭድ የያዙ ገበሬዎች ሮጠው አነሡኝ። አንዱ አቧራዬን እያራገፈ "በቅሎዋኮ ሰው አትጥልም፤ ምን ብለዋት ነው?" አለኝ። የቀረውን በእግሬ ሄድኩ።

አገሩ ጠፍ ሜዳ ይመስላል፤ ከዚያ ሳይታሰብ ይቆረጣል፤ ከሥሩ ወደ ዓባይ የሚወርድ ገደል ነው። የመሪጌታ ቤት ከገደሉ አፋፍ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ትርሲት በሩ አጠገብ መደብ ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። አየችኝና ፊቷን አኮማተረች።

"ጋሼ፣ ፀጉርዎ የት ሄደ?"

"ዝም በይ አንቺ!" አለች ስንዱ ከውስጥ።

"አዳማ ረስቼው መጣሁ" አልኳት።

"ሲመለሱ ሌላ ሰው ለብሶት ያገኙታል" አለች ትርሲት።

ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ ቤታቸው ተቀምጬ አየሁ። ስንዱ ውሃ ታፈላለች፤ ቱቦውን ትቀቅላለች፤ እጇን እስከ ክርኗ በሳሙና ታጥባለች፤ መጋረጃ ትጋርዳለች። እኔ እወጣለሁ። ስትጨርስ ጨርቅ ታጥባለች፤ ልጅቱን ታገላብጣለች፤ ጀርባዋ ላይ ቁስል እንዳይጀምር እያንዳንዱን ቦታ ታያለች፤ ጭንቅላቷን ያማት እንደሆነ ትጠይቃለች። ልብስ ታሰጣለች፤ ትጋግራለች፤ ውሃው እንደገና ይፈላል። በሁለቱ ውሃ መካከል ገበያ ደርሶ መመለስ አይቻልም። አዳማ ቢሆን ባጃጅ አለ፤ ጥግ ላይ ክሊኒክ አለ፤ ቢቸግር ደውለው የሚጠሩት ነርስ ይገኛል። እዚህ ስንዱ ብቻ ነች።

ከሁሉ የሚከብዳት ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። ጨርቁን ወይም እንቅልፉን ትጠቅሳለች ብዬ ነበር።

"ለቅሶ" አለችኝ።

እኛ ጋ ዕድር መዋጮ ነው። ድንኳኑ ይተከላል፣ ሰው ብቅ ብሎ ይሄዳል። በወሎ ገጠር ቅሬ ይባላል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ባንድ ቅሬ ነው። በቅሬ ገንዘብ ብዙም ቦታ የለውም። ፊት መታየት አለበት። ሴት ለቅሶ ከገባች ጎረቤት አብስሎ የሚያመጣው እዝን ተበልቶ፣ ዱኣ ተደርጎ እስኪያበቃ አትነሣም። ቀድሞ የተነሣ እንዳልመጣ ነው። ሰው ሲታመም በቃሬዛ ተሸክሞ መኪና መንገድ የሚያደርሰውም ይኸው ቅሬ ነው። ለትርሲት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የጭንቅላቷ ቱቦ በተደፈነ ጊዜ ሁሉ ወደ መንገድ ያወጧት እነሱ ናቸው።

"በሰው ትከሻ ትሄዳለች" አለች ስንዱ። "እኔ ለሰው ምን አደረግሁ? እናቱ ሞታ ያልደረስኩለት ሰው ልጄን ተሸክሞልኛል። ዓይኑን ማየት አልችልም።"

"መሪጌታስ ቱቦውን አይችሉም?"

መሪጌታ እጃቸውን ዘረጉልኝ። በፀሐይም ይንቀጠቀጣል። አንዴ ሞክረው ደም መጣ፤ ከዚያ በኋላ ስንዱ አላስነካቻቸውም። ከጎረቤት ሴቶችም አንዷ ልትማር መጥታ ግማሽ ላይ "እጄ አልታዘዝ አለኝ፣ ወላሂ" ብላ ወጣች። የተማሩት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት አሮጊት እሜት ፋጡማ። እሳቸው ደህና ሳሉ ስንዱ ለቅሶ ትሄድ ነበር። ክረምት ላይ አልጋ ያዙ። ከዚያ ወዲህ ስንዱ ከአጥሯ አልወጣችም።

ሐሙስ

የቅሬው ዳኛ አያ ይመር ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። "አፊያ ናችሁ? ልጅቱስ አፊያ ናት? መሪጌታ አፊያ ናቸው? ከብቱስ?" ተባለ። አዳማ በዚህ ጊዜ ውስጥ አንድ ጉዳይ ተጨርሶ ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከዚያ አያ ይመር ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

"ስንዱ ልጄ፣ ቅሬው መክሯል። ያለሽበትን ሁላችን እናያለን። ከእንግዲህ ለቅሶ ብትቀሪ አንቆጥርብሽም። ምረንሻል። አብሽሪ።"

መልካም ዜና መስሎኝ ወደ ስንዱ ዞርኩ። ፊቷ ጠቁሯል።

"አያ ይመር፣ እኔ ሞቻለሁ እንዴ?"

"አዑዙ ቢላህ! ምን ማለትሽ ነው?"

"ለቅሶ የማይጠበቅበት የሞተ ሰው ነው።"

"እንድታርፊ ብለን ነው እንጂ።"

"ዕረፍት አልጠየቅኋችሁም። አንድ ሴት ስጡኝ። አንድ ብቻ፤ እንደ እሜት ፋጡማ እጇን ታጥባ የምትማር። ከዚያ ለቅሷችሁን ሁሉ እደርሳለሁ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። "ሴቶቹ ይፈራሉ" አለ አንደኛው። "የሰው ገላ ነው፤ እንጎዳታለን ይላሉ።"

"እኔስ ስጀምር አልፈራሁም?"

"እኔን ጠይቁኝ እንጂ!" አለች ትርሲት ከመደቡ። "ገላው የኔ አይደለም እንዴ?"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ስንዱ አልሳቀችም። አያ ይመር ሲነሡ "እንግዲያው ምሕረቱ እኛ ዘንድ ይቀመጥልሽ፤ በፈለግሽ ጊዜ ውሰጂው" አሏት፤ በቅንነት ነው። በሩ ላይ ለእኔ "የከተማ ሰው፣ ምከራት" አሉኝ።

ፀሐይ ስትገባ ከአጥሩ ማዶ ጩኸት ተሰማ። እሜት ፋጡማ አረፉ።

ዓርብ

ስንዱ ከዚህ ለቅሶ ትቀራለች ብሎ ማንም አልጠበቀም፤ እሷም አላሰበችውም። ጧት የትርሲትን ሽንት አውጥታላት፣ ቀጣዩ ሳይደርስ እንደምትመለስ ለመሪጌታ ነግራ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች። ለቅሶው ቤት ከዚህ ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል። መሪጌታ ከወንዶቹ ጋር ቀብር ሄደው ተመለሱ። ሰማዩ ደመና ነበር።

ሰዓቱ ደረሰ፤ ስንዱ አልመጣችም። መሪጌታ ሄዱና ከለቅሶው ቤት አጥር ውጭ ቆሙ። ወንድ ሴቶቹ ያሉበት አይገባም። የልጃቸውን ሽንት ነገር በለቀስተኛ ፊት መናገር ነውር ሆነባቸው። ለአንዲት ሴት "ስንዱ ቤት ትፈለጋለች" ብለው ላኩና ተመለሱ። ተቀምጠን ጠበቅን።

ስንዱ አልመጣችም። በእሷ ፈንታ ሁለት ሴቶች ትልቅ ሰፌድ በጨርቅ ሸፍነው ተሸክመው መጡ።

"እንግዳው ራባቸው ብላችሁ ነው አይደል?" አለች አንዷ ዕንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ፈገግ እያለች። "ይኸው እኛ እናበላቸዋለን። ስንዱን ዛሬስ አንሰጣችሁም። ስንት ጊዜ ናፍቀናት ነው ያገኘናት።"

"የጾም ነው፣ አይስጉ" አለችኝ ሌላዋ። "ለእርስዎ ብለን ለብቻ ነው የሠራነው።"

ዓርብ መሆኑን አስበው፣ በሐዘናቸው መካከል፣ ለማያውቁት ክርስቲያን የጾም ወጥ ሠርተዋል። መሪጌታ ተነሥተው አሁን ሁሉንም ነገሯቸው። የመጀመሪያዋ አፏን ያዘች። ሁለቱም ሮጡ። ከዚያ ግን ማንም አልመጣም። ድምፁ ከአጥሩ ማዶ ተሰማን፤ ዱኣው ተጀምሯል፤ በሩ ተዘግቷል። ዱኣ ላይ ማንም አይገባም፤ ማንም አይነሣም።

ትርሲት ግንባሯን አልቧት ነበር። "እናቴ ትቆይ" አለች። "እሜት ፋጡማ ብቻዋን ናት።"

መሪጌታ ውሃ አፍልተው እጃቸውን ታጠቡ፤ ታጠቡ። ቱቦውን አነሡት። ጫፉ እንደ ሣር ሲወዛወዝ ለሁላችንም ታየን። መልሰው አስቀመጡት። እኔም አልችልም ነበር፤ ለመሞከርም አልጠየቅሁም። ሰፌዱ መሬት ላይ እንደተሸፈነ ነው።

ስንዱ ጫማዋን በእጇ ይዛ እየሮጠች ገባች። ሰፌዱን አየች፤ እኔን አየች፤ መጋረጃውን ጋረደች። በኋላ አንድ ነገር ብቻ ነገረችኝ።

"ልነሣ ስል ያዙኝ። እንግዳ ነው የጠራሽ፣ እንግዳ እኛም እናበላለን አሉኝ። ሰዓቱ እንዳለፈ ደመናው ሸሸገብኝ። ሳውቀው ዱኣ ገብቷል። ስንት ለቅሶ የቀረሁ ሰው፣ በእሜት ፋጡማ ዱኣ ላይ እንዴት ልነሣ?"

ቅዳሜ

ጧት ትርሲት ትኩሳት ያዛት፤ ተንቀጠቀጠች፤ አስታወከች። መሪጌታ ወደ አያ ይመር ሄዱ። እኔ ስንዱ ለቅሶ የቀረችባቸው ሰዎች ይቀሩባት እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደሚመጣ ለማየት አጥሩ በር ላይ ቆምኩ። ሁሉም መጡ። ትናንት መቃብር የቆፈሩት፣ እንቅልፍ በዓይናቸው ያልዞረ፣ እናቱ ስትሞት ስንዱ ያልደረሰችለት ሰው ጭምር። ሰፌድ ይዘው ከመጡት ሴቶች አንዷ ከኋላ እየተከተለች ታለቅስ ነበር። ማንም አልወቀሳትም።

የቅሬው ቃሬዛ አንድ ነው። ትርሲት ሲያስተኟት እንጨቱን በእጇ ዳሰሰች።

"የእሜት ፋጡማ ነው?"

"ዛሬ ያንቺ ነው" አሉ አያ ይመር። "አጥበነዋል።"

"እሷ ከባድ ናት። እኔ እቀላችኋለሁ" አለች።

ዳገቱን ትከሻ እየተለዋወጡ ወጡት። ከፊት ያሉት ዳገቱ ላይ ዝቅ፣ ከኋላ ያሉት ከፍ ያደርጉ ነበር፤ ጭንቅላቷ እንዳይዘቀዝቅ። ይህን ማንም አላዘዛቸውም፤ ከበፊቱ ያውቁታል። እኔ ባዶ እጄን እየሄድኩ ወደ ኋላ እቀር ነበር። ለአንድ አፍታ ልሸከም ብል አንዱ "ተው ጋሼ፣ ኮርቻ ያልቻለ ቃሬዛ አይችልም" አለኝ። መንገድ ስንደርስ እህል የጫነ አይሱዙ አገኘን። ሹፌሩ ምንም ሳይጠይቅ ጋቢናውን ለቀቀልን፤ ተሸካሚዎቹ ከላይ እህሉ ላይ ወጡ።

መካነ ሰላም የመረመራት ወጣት ሐኪም ነው። አልትራሳውንድ አየ። አንዱ ኩላሊቷ አብጧል፤ ኢንፌክሽን አለ፤ መድኃኒት ተጀመረላት፤ ደሴ መላክ አለባት። ትናንት መዘግየቱ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

"አንድ ቀን መዘግየት ብቻውን ኩላሊት እንዲህ አያሳብጥም" አለ። "ብዙ ጊዜ የቆየ ነገር ነው። ኢንፌክሽኑም ቀድሞ የጀመረ ይመስለኛል። በእርግጠኝነት ግን መናገር አልችልም።"

ይህን ስንዱ እየሰማች ነው የነገረኝ። እሱ ሲወጣ "ለእኔ ብሎ ነው" አለች። ሐኪሙን እንደገና ጠርቼ አስደገምኩት። ሰማችው። አላመነችውም።

ደሴ የሚሄድ መኪና ፈለግን። መንገዱ ተዘግቷል።

ተሸካሚዎቹ ሊመለሱ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆመው ነበር፤ ባዶው ቃሬዛ ግድግዳውን ተደግፏል። ስንዱ ወጣች።

"አያ ይመር፣ ያን ነገር ስጡኝ።"

"የቱን ልጄ?"

"ምሕረቱን። እወስደዋለሁ።"

አያ ይመር ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ሐሙስ ሲሰጧት ፊታቸው ብሩህ ነበር። "ዛሬ አይሆንም" አሉ። "ዛሬ ከፍቶሽ ነው። ይደር።"

"አያድርም። ሰው ሲሞት በቤቴ በኩል አትጥሩ።"

"እኛ ነን ያጠፋን" አለ ከወንዶቹ አንዱ። "የያዝንሽ እኛ ነን።"

"ምን አጠፋችሁ? የያዙኝ ወደውኝ ነው" አለች። "ለዚህ ነው የማልመጣው። የሚወደኝ ሰው ይይዘኛል።"

አያ ይመር "እሺ" አሉ። ቃሬዛውን አንሥተው ሄዱ።

እሑድ

መንገዱ አልተከፈተም። ትኩሳቱ ትንሽ በረድ አለ። ትርሲት ተኝታ ነበር። መሪጌታ ከአልጋው ግርጌ ቆመው ዳዊት በቃላቸው ይደግማሉ። ስንዱ ቱቦ የምትቀቅልበት እሳት ከሆስፒታሉ ኩሽና ለምና አግኝታ ወዲያ ወዲህ ትል ነበር። የፔንሲዮኑ ባለቤት የትርሲትን ነገር ሰምታ በየቀኑ የሞቀ ውሃ እንደምትልክላቸው ነገረችኝ፤ እንደላከችም በኋላ አረጋግጫለሁ።

እኔ የወጣሁት ዘግየት ብሎ መንገዱ ሲከፈት ነው። እነሱም ያን ሰሞን ደሴ ደርሰው ተመለሱ። ያበጠው ኩላሊት እንደማይድን ተነግሯቸዋል፤ ሁለተኛውን ለማትረፍ ቱቦው አንድም ጊዜ መዘግየት የለበትም ተብለዋል።

አዳማ ሆኜ ይህን መጻፍ ስጀምር ደወልኩላቸው። መሪጌታ አነሡ። ትርሲት ተቀምጣለች፣ ትበላለች፣ ፀጉር የሌለውን ጋሼ ሰላም በሉልኝ ብላለች አሉኝ። ስንዱን እንዲያገናኙኝ ጠየቅሁ።

"ትንሽ ይቆዩ፤ ጓሮ ናት" አሉ። "ማዶ ሰው ሞቶ ዛሬ ቀበርን። ለቅሶው ከጓሯችን ይሰማል። ነጠላዋን አዘቅዝቃ አጥሩ ሥር ተቀምጣ ታለቅሳለች።"

"ብቻዋን?"

"ብቻዋን። ሰዉ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ያያታል። 'እግዜር ያጥናሽ' የሚላት ግን የለም። ምረናታል ብለዋላ።"